ሽንት ቤቱ የመጣው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው

ታላቅ እህቴ የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን የጽሑፍ ክፍል አለፈች! ባለፈው እዚሁ ላይ ነበር የወደቀችው። ስትለማመድ የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ የመጀመሪያው የክስ ማመልከቻዋ ግን አንገሸገሸኝ። መለማመጃው፣ ጎረቤት የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ወደ አንዲት ሴትዮ የውሃ ጉድጓድ ለቀቀ የሚል ነው። እህቴ መቱ ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለምዳ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ በእንባ» ትላለች። ሽንት ቤቱ የመጣው ሦስተኛው ላይ!

«እታለም፣ ከፍሳሹ ይልቅ ልመናሽ ያቅለሸልሻል» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ፣ ዳኛ ሆንሽብኝ?» ብላ ወረቀቱን ነጠቀችኝ። ግን ቀደደችው። አዲሱ «ተከሳሽ የከሳሽን የመጠጥ ውሃ በክሏል» ብሎ ጀመረ።

አሁን የምትፈተኑ ሁሉ፣ ከጎሬም ከኡካም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ኑ ብላለች። ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አነብላችኋለሁ፣ ፊቴን ካጨማደድኩም አትቀየሙኝ።