የገንዳችን ኤሊ

ትናንት የልጅ ልጄ አንዲት ትንሽ ኤሊ በላስቲክ ሳህን ይዛ መጣች። አባቷ ደሴ ገበያ ላይ ገዝቶላት ነው። ኤሊዋ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አለባት። ያንን መስመር ሳይ ክው አልኩ።

ኮረዳ ሳለሁ፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ኮምቦልቻ ነበርን፤ አባቴ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ነበር። ካምፑ ውስጥ የሚኖሩት የውጭ አገር ሰዎች ከየት እንዳመጧቸው እንጃ፣ እንዲህ ያሉ ኤሊዎች ያረቡ ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄዱ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ደፏቸው። ኤሊዎቹም አገሩ ተስማማቸውና በበጋ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቁ ጀመር።

ግቢያችን የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት የሲሚንቶ ገንዳ ነበረን። ትል ቢያስቸግረን አባቴ አንዷን ኤሊ አምጥቶ ከተተበት። እውነትም ትሉን ለቅማ ጨረሰችው። ጎረቤት እየመጣ ሲያደንቅ አባቴ ደረቱን ነፋ። ክረምቱን በሙሉ፣ የበቆሎ እሸት እየጠበስን፣ ከዚያ ውሃ ጠጣን።

መስከረም ላይ ጡት ከጣለ ብዙም ያልቆየው ወንድሜ ሰይድ በትኩሳትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ተያዘ። እኛንም ሆዳችንን ይቆርጠን ነበር፤ ግን ማን ልብ ይበል? እናቴ የጠረጠረችው ጎረቤታችንን ሸክላ ሠሪዋን እትዬ ደስታን ነው። ሸክላ ሠሪ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ የበላው ሰው እንትፍ ካለበት ደግሞ በሽተኛው ይድናል ይባል ነበር። እስከዚያን ቀን አንቱ የምትላቸውን ሴት ጠርታ፣

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ ልጄን ልቀቂልኝ። እንትፍ በይበት» አለቻቸው።

ሰይድ ሲወለድ ገላውን ያጠቡት እሳቸው ነበሩ። እያለቀሱ እንትፍ አሉበት። ይሻለዋል ብለን ስንጠብቅ ቀኑ አለፈ። በማግስቱ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥተን ደሴ ሐኪም ቤት ስንደርስ የልጁ ዓይን ሰርጉዷል። ሳይመሽ አረፈ።

ሐኪሙ የምንጠጣውን ውሃ ጠየቀን። ስለ ኤሊዋ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ከእሷ ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ሳትታመም ባክቴሪያውን ተሸክማ ትኖራለች፤ ስትጸዳዳ ውሃው ውስጥ ትጥለዋለች። ትልቅ ሰው ሆዱን ቆርጦት ያልፋል፤ ሕፃን ግን አይችለውም።»

ይህንን ለለቅሶተኛው ሁሉ ተናገርኩ። የሰማኝ የለም፤ እናቴም በጥፊ አለችኝ። አባቴ ግን ሐኪሙን አምኗል። ማለዳ ተነስቶ ኤሊዋን ወንዝ ጣላት፣ ገንዳውን በበረኪና አጠበው፣ ከአፉ ግን አንድ ቃል አልወጣም። የእትዬ ደስታን ሸክላ የሚገዛ ጠፋ፤ እሳት የሚሰጣቸው ጎረቤት እንኳ አጡ። ጥቅምት ሳያልቅ ጓዛቸውን ጭነው ወደ ኩታበር ሄዱ። አባቴ አፈር ከለበሰ ቆየ፤ ለዚያ ዝምታው ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ትናንት ሳህኑን ቀምቼ የልጅቷን እጅ በሳሙና ስፈትግ፣ አሁን ከእኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ኤሊዋን አየቻት።

«ተያት እንጂ» አለችኝ። «እንስሳ ምን ታውቃለች? ሚስኪን ናት።»

እትዬ ደስታን አንድ ቀን እንኳ ሚስኪን ብላቸው አታውቅም።