የማንኪራው ናስ ሰሌዳ

በቦንጋ እንደ ሻፊ ዶሮዎች የተከበረ ዶሮ የለም። ቤታቸው በሦስት ክቡራን ኃላፊዎች ተመርቋል። ጣሪያው የአንድ ድልድይ የምረቃ ሰሌዳ ነው፣ በሩ የወፍጮ ቤት፣ ጎኑ የመጋዘን። ዝናብ ሲመጣ አውራው «በክቡር አቶ» ከሚለው ሥር ይጠለላል።

ሻፊ (እኩያዬ ስለሆነ ጋሽ አልለውም) ለሕንፃ ምረቃ የናስ ሰሌዳ ያሠራል። ሱቁ ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በምረቃው ቀን የሚገለጠውን መጋረጃ የምሰፋውም እኔ ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ፈልጎ ሲመጣ ሻፊ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ እንደ ሐኪም ይጠይቃል። «ውጭ ነው ውስጥ? ዝናብ ያገኘዋል? ፊደሉ ይቀረጽ ወይስ በቀለም?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «የሚመርቁት ኃላፊ... አሁን ደኅና ናቸው?» ስለ ጤናቸው አይደለም፣ ስለ ወንበራቸው ነው።

ኃላፊ በተነሳ ቁጥር ተተኪው በስሙ አዲስ ሰሌዳ ያሠራል፤ የድሮው ተነቅሎ ሻፊ ጓሮ ይገባል። ታዲያ ገበያ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። እሱን ግን ያንገበግበዋል። «ግንበኛ የሠራውን ቤት እያየ ያረጃል፤ እኔ አንድ፣ አንዲት ብቻ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ትቅርልኝ! ስሞት ልጆቼ የሚያሳዩት የዶሮ ቤት ነው እንዴ?» ይላል። ሚስቱ ፈሪዳ ደግሞ «አንተ ሰው፣ ዶሮዎቹ እኮ ሌላ ክፍል ይፈልጋሉ» ትለዋለች።

አምና ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ቡናና ጫካ በከበባት ማንኪራ ላይ አዳራሽ ተሠራ። የሚመርቁት ኃላፊ አቶ ሰብሃት «አዲስ አበባ እንዳየሁት ይሁን፤ ግድግዳው ላይ የማይለጠፍ፣ ራቅ ብሎ የሚቆም» ብለው አዘዙ። ሻፊ ረጃጅም ብሎን አስቆርጦ ሰሌዳውን ከግድግዳው ሦስት ጣት አራቀው። ናሱ በዝናብ እንዳይጠቁር ደግሞ ፊትም ጀርባም ሰም ቀባው፤ ያውም የማንኪራን ንጹሕ ሰም። «ወላሂ ይቺ አትነቀልም» እያለ ብሎኑን እስኪያልበው አጠበቀ። እኔም ጥሩ ወፍራም መጋረጃ ሰፋሁላት።

ምረቃው ግን ተራዘመ። አቶ ሰብሃት ስብሰባ ነበረባቸው፤ ከዚያም ስለ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ። ሰሌዳው እንደተሸፈነ ጫካው አበባ አወጣ። የማንኪራ ሰው ንብ እንዲገባለት ሲፈልግ ባዶውን ቀፎ ሰም ይቀባዋል። እኔና ሻፊ ከተሜዎች ነን፤ ጨለማ፣ ጠባብ፣ ሰም የተቀባ፣ በመጋረጃ የተከለለ ቪላ ለንብ ሠርተን ቦንጋ ተኝተናል።

በምረቃው ቀን ሐዲስ የሚባል የሰፈሩ ንብ አርቢ ጆሮውን ወደ መጋረጃው አስጠጋና «ጌታዬ፣ ይሄ ነገር ውስጡ ያጉረመርማል» አለ። አቶ ሰብሃት «ጄኔሬተሩ ነው» ብለው ገመዱን ሳቡ።

ስለ ሩጫው ብዙ አላወራም፣ እኔም ሯጭ ነበርኩ። የክብር እንግዳው ከሁላችንም ቀደሙ፤ ፕሮቶኮሉ ተጠብቋል። የመድረክ መሪው «ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» ማለቱን ሳይጨርስ ማይክራፎኑን ይዞ ጠፋ፤ ከቡናው ውስጥ «ኧረ እናቴ!» ሲል በድምፅ ማጉያው እንሰማው ነበር። ስንመለስ ሻፊ መኪናው ውስጥ ያበጠ ከንፈሩን ይዞ አለቀሰ። «አበቃ። ነገ ይነቅሏታል» አለኝ። ከልቤ አዘንኩለት።

አቶ ሰብሃት ብዙም ሳይቆዩ ተነሱ፤ በንቡ አይደለም፣ ጊዜያቸው ደርሶ ነው። ተተኪያቸው አቶ ተስፋሁን እንደ ወጉ «ሰሌዳው ይነቀል» አሉ። አንድ ሠራተኛ መፍቻ ይዞ ሄደ፣ ያለ መፍቻው ተመለሰ። ሁለተኛው ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ። በመጨረሻ ሐዲስን ንቦቹን በጭስ እንዲያስወጣ ጠየቁት። «ማር ላይ ናቸው፤ ማር የያዘ ንብ ከቤቱ አይባረርም፣ ነውር ነው» ብሏቸው ወደ ሥራው ሄደ። አዲስ ኃላፊም ቢሆን ማንኪራ ላይ ስለ ንብ ከሐዲስ ጋር አይከራከርም። ሰሌዳው ቀረ።

ሻፊ ይህን ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሱቁን በጠዋት ዘጋ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ማንኪራ ይሄድና ከሩቅ ቆሞ ያየዋል። ፊደሉ ከዚያ ርቀት አይነበብም፤ እሱ ግን በቃሉ ይወጣዋል። ዶሮዎቹ ሌላ ክፍል አላገኙም።

ባለፈው ሳምንት አቶ ተስፋሁን ራሳቸው ሱቁ መጡ። ዋጫ ከተማ ላይ የሚመርቁት ሕንፃ አላቸው። ሻፊ መነጽሩን ገፍቶ «ውጭ ነው ውስጥ?» ብሎ ጀመረ።

«ውጭ። ከግድግዳው ራቅ ይበል።»

«ፊደሉስ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አሉና ሰው እንደሌለ በበሩ አይተው ጠጋ አሉት። «ብቻ ጋሽ ሻፊ፣ አደራዎን... ሰሙን በደንብ አድርገው ይቀቡልኝ።»