ቀጋው ላይ የተንጠለጠለው መግነዝ

ጀግንነት በጠመንጃ የሚለካ የሚመስለው ሰው ኮሶ ጠጥቶ የማያውቅ ነው። ሰጠኝ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ሃያ ዓመት ሳንቃ በር ላይ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ሆኖ ሠርቷል። በግ ሊነጥቅ የመጣ ነብር በድምፁ ብቻ እንዳባረረ፣ ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለችው መንደሩ የማያውቅ ልጅ የለም። የሚያውቁትም ራሱ ነግሯቸው ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ባለፈው ጥቅምት ሆዱ ውስጥ እንግዳ እንዳለ ተረዳ። በፋሲካ ጥሬ ሥጋውን ያለ ልክ ቆርጦ ነበር። በልቶ ሳይጨርስ ይርበዋል፤ አፉን ምራቅ ይሞላዋል። አንድ ቀንማ ሱሪው ውስጥ ነጭ የዱባ ፍሬ የመሰለ ነገር አገኘ። ጎንበስ ብሎ ሲያየው የዱባ ፍሬው ተንቀሳቀሰ።

ደባርቅ ሄዶ ክኒን መዋጥ ይችል ነበር። ግን መድኃኒት ቤቷ ውስጥ የምትሸጠው የሚስቱ እህት ናት፤ እሷ ሰማች ማለት ገበያው ሰማ ማለት ነው። ስለዚህ ሚስቱ ዘመድ ጥየቃ ዳባት በሄደች ማግስት፣ በማለዳ፣ የኮሶውን አበባ እንደ አያቶቹ ወቅጦና በጥብጦ፣ አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው። ኮሶ የጠጣ ሰው ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ ደንቡ ነው። ሰጠኝም ረፋዱ ላይ ወደ ሸለቆው ሊወርድ ተነሣ። ኮሶ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ፣ ከመቃብሩ ጥግ ካለው የቀጋ ቁጥቋጦ ሲደርስ አንጀቱ «እዚሁ!» አለው።

ጉሙ የገዛ እጅን አያሳይም ነበር። ሰጠኝ ተቀመጠ፣ አማጠ፣ አቃሰተ። «እህህህ… ኧረ ማረኝ!» ትሉ እንደ መቀነት እየተተረተረ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። የትሉ ራስ ካልወጣ መልሶ ያድጋልና እስከ መጨረሻው ሊጠብቅ ሲል፣ ከአጥሩ ወዲያ የእግር ኮቴ ሰማ። ያንን ነገር በእንጨት አንሥቶ ወደ ጉሙ ወረወረና ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ሮጠ። ትሉ ቀጋው እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ኮቴው የጎረቤቱ የአረጋሽ ነበር። ቀትር ሳይሆን መንደሩ ሁሉ ሰማ።

«ከገዱ መቃብር በኩል ሲያቃስት በጆሮዬ ሰማሁ! ያ የመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ የነበረው ማቃሰት፣ ቁርጥ እሱ! ደግሞ ነጭ የመግነዝ ክር ቀጋው ላይ ይወዛወዛል!»

ገዱ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሰዉ ተሰብስቦ ከሩቅ ቆሞ አየ። እውነትም ጉሙ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ይውለበለባል።

«አያ ሰጠኝ፣ አንተ ነብር ያባረርህ፣ ጠጋ ብለህ እየዋ!» አለች አረጋሽ።

«የሙት ነገር በጠመንጃ አይያዝም» አለ ሰጠኝ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ኧረ ጉድ! ነብሩም ሞቶ ነበር እንዴ ያገኘኸው?»

ሁሉም ሳቀበት። ሰጠኝ ፈሪ መባሉን መረጠ። ሰው ከሁለት እፍረት አንዱን ምረጥ ሲባል ትንሹን ያነሣል፤ ትንሹም ውስጥ ለውስጥ እንደሚያድግ ግን አያስብም።

ወደ ቀጋው የቀረበች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የገዱ ሚስት ደብሪቱ። ዓይኗ ደክሟል። በነጋታው፣ ፀሐይ ካወጣ በኋላ፣ የደረቀውን ነጭ ነገር ከእሾሁ በጣቷ አላቀቀችው። «ገድዬ፣ ምን ጎደለብህ?» አለችና ስማው በንጹሕ መሐረብ ጠቀለለችው።

የጎደለበትን ራሷ አወቀችው። ሙት ዓመቱን በንፍሮና በጠላ ነበር ያወጣችለት። አሁን ያለቻትን አንዲት ጊደር፣ ለመውለድ ወር የቀራትን፣ አርዳ ልትደግስ፣ መግነዙንም በጸሎት መቃብሩ ውስጥ ልትመልስ ቆረጠች። ለሰጠኝም ላከችበት። «ሥጋ ማወራረድ ታውቅበታለህ፤ ቅዳሜ ቢላህን ይዘህ ና። ከጥሬው ብልት ላንተ አስቀርልሃለሁ።»

ይህን ከሰማ ወዲህ ሦስት ቀን ምግብ አልወረደለትም። «ጊደሯ ትሂድ፣ እኔ ልዳን» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ያቺ ዓይነ ደካማ ሴት መሐረቧን ደረቷ ላይ አቅፋ ትታየዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጊደሯ ከአጥሩ ሥር ታስራለች። ቄስ ባርናባስ መስቀላቸውን ይዘው ከመቃብሩ ራስጌ ቆመዋል። ደብሪቱ መሐረቡን ወደ ተቆፈረችው ጉድጓድ ስታወርድ ሰጠኝ ቢላውን መሬት ጣለው።

«አባ፣ ጸሎቱን አይጀምሩ።»

«ምነው ልጄ?»

«መግነዝ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። «ኮሶ ነው።»

«የማን ኮሶ?» አለች አረጋሽ፣ ከሰው መሐል አንገቷን አስግጋ።

«የኔ። ያቃሰትሁትም እኔ ነኝ። ገዱ ምንም አልጎደለበትም፣ እትዬ ደብሪቱ። ጊደሯን ፍቺያት።»

ደብሪቱ መሐረቡን ፈትታ ዓይኗ ሥር አስጠጋችው። ቀለበት ቀለበቱን አየች። አሸተተችው።

«ስሜዋለሁ እኮ!» ብላ ጮኸች። «አንተ የማትረባ! ሦስት ሌሊት ትራሴ ሥር አሳድሬዋለሁ!» አፏን በነጠላዋ ደጋግማ ጠረገች፤ ምራቋን ተፋች። ቄስ ባርናባስ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰጠኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ልጆቹ ሁሉ እዚያው ናቸው፤ የነብሩን ታሪክ የሚያውቁት ሁሉ።

ደብሪቱ የጊደሯን ገመድ ፈታች፤ አንገቷንም አሻሸቻት። ልትሄድ ስትል መለስ አለች።

«ለመሆኑ ራሱ ወጥቶልሃል?»

«እንጃ። ሳላይ ነው የሮጥሁት።»

«እንግዲያው እየው!» መሐረቡን በሁለት ጣቷ ይዛ እጁ ላይ ጣለችለት። «ራሱ ከሌለ ዳግመኛ ትጠጣለህ። የዚያን ጊዜ ወደ ጓሮዬ ሂድ፣ ሰው እንዳያይህ ደጁን እኔ እጠብቅልሃለሁ። ከመቃብር ግን ራቅ!»

ሰጠኝም በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ ሰው ፊት፣ ተንበርክኮ መሐረቡን መሬት ላይ ዘረጋና ጫፍ ከጫፍ ራሱን ይፈልግ ጀመር።