መከታ ምን አለ?

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት ክረምት መግባቱን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ውሻችን መከታ ነበር። በጋውን ሙሉ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ምላሱን ጥሎ ሲያለከልክ የከረመው ውሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን መታ መታ ሲያደርገው አብዶ ይነሳል። እኔም አብሬው አብዳለሁ። በማሾው ማሳ ዳር እንሯሯጣለን፤ ጭቃው እኔን እስከ ጉልበቴ፣ እሱን እስከ ጆሮው። የረጠበ ፀጉሩ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ደስ የሚል ሽታ ነው ብል የሚያምነኝ ባላገኝም፣ ለእኔ ክረምት ማለት እሱ ነው።

መከታ የደጋ ልጅ ነው። ቡችላ ሳለ አባቴ ከጣርማ በር፣ ከአንድ ወዳጁ ዘንድ ነው ያመጣው። ፀጉሩ ድርብ፣ ደረቱ ሰፊ ነበር፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን ሰበረው። ዝንጀሮ ማሽላችንን ሲገነጥል አንድ ዓይኑን ገልጦ ያይና መልሶ ይተኛል። አባቴ “ይሄ ጠባቂ ሳይሆን እንግዳ ነው” ይል ነበር። አንድ ክረምት ላይ ጨርሶ ተስፋ ቆረጠና “የጣርማ በሩ ሰውዬ ነገ ገበያ ስለሚወርድ እመልስለታለሁ” አለ። እኔ ራት አልበላም ብዬ አለቀስኩ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም።

እኛ ቤት ውሻ ቦታው ደጅ ነው። በእስልምና ሥርዓታችን እርጥብ ውሻ የነካው ልብስ አይሰገድበትም፤ ምላሱ ያረፈበት ገላ ደግሞ በአፈር እየታሸ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። መከታ የላሰኝ ቀን እናቴ ሳልነግራት ታውቃለች። አንድ ጣሳ ውሃና አንድ እፍኝ አፈር ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች። “ይቺ ልጅ እኮ የማሳውን አፈር በክንዷ ጨረሰችው” እያለች ታሸኛለች። አባቴማ ነክቶት አያውቅም። ምግቡን እንኳ ሽርጡን ሰብስቦ ከሩቅ ወርወር ያደርግለታል።

በማግስቱ፣ ሰውዬው ከገበያ እስኪመለስ፣ ከአባቴ ጋር ፍየሎቹን ይዘን ሮቢ ወንዝ ወረድን። መከታም ተከተለን። ወንዙ ጎድሎ መሀሉ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ፍየሎቹ እዚያ የበቀለውን ቁጥቋጦ ይወዱታል። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ በእኛ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና የለችም። አባቴ ለአሱር፣ ለከሰዓት በኋላው ሰላት፣ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ሽርጡን ያስተካክላል። መከታ ድንገት ብድግ አለ። አፍንጫውን ወደ ጣርማ በር አቅንቶ አየሩን ማገና ልክ እንደ መጀመሪያው ዝናብ ቀን ይዘል ጀመር። ከዚያ ጮኸ። ያ ዝንጀሮ የማይቀሰቅሰው ውሻ ወንዙን በጩኸት ሞላው።

ይህን ዝላይ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

“አባ፣ ዝናብ ሸቶታል!”

“የምን ዝናብ? ሰማዩን አታዪም?” አለኝ አባቴ።

እኛ ቆለኞች ሰማይ የምንለው አናታችን ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ወንዛችን የሚሞላው ግን ደጋ ላይ በዘነበው ነው። መከታ አባቴን አልጠበቀም። ፍየሎቹን እግር እግራቸውን እየነከሰ ወደ ዳር ነዳቸው። እኔም ነጠላዬን እያውለበለብኩ ተከተልኩት። ያኔ አባቴ ቀና ብሎ የጣርማ በርን መጥቆር አየ።

“ያ አላህ! ደራሽ ጎርፍ ነው፣ ውጪ!”

የመጨረሻዋ ፍየል ዳር ስትወጣ ግንድ የተሸከመ ቀይ ውሃ እየጮኸ ደረሰ። ከኋላዋ የነበረውን መከታን ወገቡን ይዞ ጎተተው። ስሙን እየጠራሁ ልገባ ስል አባቴ ገፍቶ አለፈኝ። እስከ ወገቡ ጠልቆ፣ ያን እርጥብ ውሻ በሁለት እጁ አቅፎ ወጣ። መከታ ጺሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ላሰው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አባቴ በሳቅ ፈረሰ። “ነይ ልጄ፣ ዛሬ አፈሩ ለሁለታችን ነው” አለኝ።

እናቴ ጭቃ ለብሰን ስታየን “እሱም አበደ?” አለች። ጎን ለጎን ቆመን ታሸን ታጠብን፤ ሰላቱም ከዚያ በኋላ ተሰገደ። የጣርማ በሩ ሰውዬ ከገበያ ሲመለስ መንገዱ ላይ ሻይ ተጋብዞ ተሸኘ፤ ስለ ውሻ ያነሳ የለም።

መከታን ከቁርቁራው ሥር ከቀበርነው ብዙ ክረምት አለፈ። ዛሬ ደጋ ሲዘንብ ከላይ በስልክ ይደወልልናል፣ ልጆቼም ሮጠው ለአያታቸው ይነግራሉ። አባቴ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። ስልኩን ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆንና ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል።

“መከታ ምን አለ?” ይለኛል።

ወደ ጣርማ በር አያለሁ፤ ልቤ እንደዚያን ጊዜ ይዘላል።

“ተነስቷል አባ። ፍየሎቹን አውጡ እያለ ነው” እለዋለሁ።