ሀምዳን ብሬክ ሲመታ

የእኔ ልብስ ስፌትና የዘይኑልአቢዲን ፑል ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ እኔ በዚህ በኩል ቀሚስ እሰፋለሁ፤ እነሱ በዚያ በኩል ቀናቸውን ይገድላሉ። ፑል ተጫውቼ አላውቅም። ግን ስንት ዓመት ሳልወድ ስሰማ ኖሬ ማን ጥሩ እንደመታ፣ ማን እንዳበላሸ ከድምፁ እለያለሁ። ጨዋታው ሲጀመር በሦስት ማዕዘን የተደረደሩትን አሥራ አምስት ኳሶች በነጯ ኳስ መትተው ይበትኗቸዋል፤ ብሬክ ይሉታል። ጥሩ ብሬክ ሽምብራ ቆርቆሮ ላይ እንደፈሰሰ ጥርት ይላል። መጥፎው ጓ! ይልና ቀጥሎ ነጯ ኳስ ሲሚንቶው ላይ ስትንከባለል ይሰማል።

ሀምዳን የሚመታው ሁለተኛውን ነበር።

ከጅዳ የተመለሰው በ2010 ነው፤ ሀገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ በሚልበት፣ እስረኛ በሚፈታበት፣ ሳዑዲ የተያዙት ልጆችም በአውሮፕላን ሙሉ በሚራገፉበት ዘመን። አብረውት ከመጡት አንዱ ባጃጅ ያዘ፣ አንዱ ከሐይቁ ዓሣ ማውጣት ጀመረ፣ ሒክማ ምግብ ቤት ከፈተች። ሀምዳን ይዞ የመጣው በጥቁር ቆዳ መያዣ የተኛ፣ መሃሉ ላይ የሚገጣጠም የፑል ስቲክ ነው። የገዛችለት እህቱ ሰሚሃ ናት፤ እስካሁን እዚያው የሰው ቤት ትጠርጋለች። እናቱ እማማ ፈዲላ በዚያ ደካማ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው ላማቸውን ሲያልቡ እሱ ደጃፍ ተቀምጦ ስቲኩን ይወለውላል። የሚወለውልበትን ጨርቅ ከእኔ ቁርጥራጭ ነበር የሚያነሳው፣ ሳያስፈቅድ።

ብሬክ ለሱ ጠብ ነው። ሦስት እርምጃ ወደኋላ ይሄዳል፣ "ዞር በሉ!" ይላል፣ ከዚያ ዘሎ ይመታል። አንድ ቀን ነጯ ኳስ ከጠረጴዛው ተነስታ፣ በሩን አልፋ፣ በእኔ ደጃፍ ገብታ ደንበኞቼ ቀሚስ ለክተው የሚታዩበትን መስታወት ሰነጠቀችው። ኳሷን አንስቼ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት።

"እታለም ረቢያ፣ ኳሷን" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

"መስታወቴን።"

"አቦ፣ ጉልበቴ እኮ ነው። አልቻልኩትም።"

ይቅርታ ማለቱ መሆኑ ነው። ያን ቀን እስከ ዐስር ሰዓት ፑል ቤቱ ሥራ ፈቶ ዋለ። ዘይኑ ራሱ መጥቶ ሲለምነኝ ሰጠሁት።

በ2013 ዒድ ማግስት ከውጫሌ ሐቢብ የሚባል ልጅ ሊገጥማቸው መጣ። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ። ሀምዳን ግን ሳምንቱን ሙሉ "ብሬኩ የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካው" ሲል ሰንብቷል። መታ። ነጯ ሁለት ጊዜ ነጥራ ጥጉ ላይ ካለው ቀዳዳ ገባች፤ ከቀሩት አንድም አልገባ። ነጯ ስለገባች ኳሶቹ እንደገና ተደረደሩ፤ ሐቢብ ተራው ሲደርስ ጎንበስ አለ፣ አንዴ መታ፣ ያ የሽምብራው ድምፅ ተሰማኝ፤ መቀሴን አስቀመጥኩ። ሁለት ኳስ አስገብቶ ነጯን መሃል ላይ አቆማት አሉ። ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ አለቀ።

ሀምዳን ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጠረጴዛው ዘሟል።"

ዘይኑ የዋህ ነው፤ አምኖ አናጢውን ታረቀኝን ጠራ። ጋሽ ታረቀኝ በርና መስኮት ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ደሴ ላይ እንደሱ የሚጫወት አልነበረም ይባላል። ውሃ ልኩን በአራቱም ጥግ አስቀመጠና አየ።

"ጠረጴዛው ቀጥ ያለ ነው" አለ። "የተጣመምከው አንተ ነህ። እስኪ ምታ።"

ጓ!

"በሬ ልትጥል ነው እንዴ? ነጯን የቱ ጋ ነካሃት?"

"መሃሏን።"

"አታውቅም። ስቲኩ ኳሷ ጋ ሳይደርስ ጭንቅላትህ ተነስቷል። እግርህ ይዘላል። እጅህ ስቲኩን አንቆ ይዟል፤ የኋላ እጅህን ላላ አድርገው። በግማሽ ጉልበት ምታ፤ የፊተኛዋን ኳስ እምብርቷን። ነጯ መሃል ላይ እስክትቆምልህ ድረስ ጉልበት አትጨምር።"

"በግማሽ ጉልበትማ ሴትም ትመታለች።"

"ሴቷ ነጯን የሰው መስታወት ላይ አትልካትም!" አልኩ ከግድግዳው ማዶ። ፑል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ተማረ። ስለገባው አይደለም፤ ሐቢብ ስላሳፈረው ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይገባ ብቻውን ይደረድራል፣ ይመታል፣ ይለቅማል፣ ይደረድራል። መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይረሳና ጓ! ይላል። ሐምሌ ላይ ከአሥሩ አራቱ ጥርት ማለት ጀመሩ። ኳሶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ካልተነካኩ እንደማይበተኑ ታረቀኝ ስለነገረው ሲደረድርም ጊዜ ይወስድ ጀመር። አንዳንዴ ግድግዳውን ይቆረቁራል።

"እታለም፣ ይቺስ እንዴት ናት?"

"ታስላለች" እለዋለሁ። ወላሂ፣ ደህና ስትሆንም ታስላለች አልኩት ስንት ጊዜ።

በነሐሴ አስፋልቱ ሰው ሞላ። ከወልዲያ፣ ከመርሳ፣ ከውጫሌ ጦርነቱን ሸሽተው ፍራሽና ልጅ ተሸክመው የሚመጡ። ዘይኑ ፑል ቤቱን ለሦስት ቤተሰብ ለቀቀ፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ሥሩ ልጆች አስተኙ። ከተማው ያለውን ሲያዋጣ ሀምዳን ምን እያለ ዞረ? "ቆሜ የምመታበት ቦታ አጣሁ።" ምሳ ሳይበላ አፉ የደረቀ ሕፃን እግሩ ሥር እያለ! ማታ ማታ ደግሞ ለጎረምሶቹ ይፎክራል፤ "ይምጡ፣ እንደ ኳስ ነው የምንበትናቸው" ይላል።

ጥቅምት ላይ ታጣቂዎቹ መጡ። ከቀትር በፊት ከውጫሌ በኩል ተኩሱ ሲቀርብ ሱቄን ዘግቼ እማማ ፈዲላ ቤት ሮጥኩ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ጓዝ ቋጥረው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

"ሀምዳንን አይተሽዋል? መኪና ይዤ መጣሁ ብሎኝ ወጣ።"

ዘይኑ በሩጫ ሲያልፍ ጠየቅነው። አይቶታል። ደሴ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ነበር፣ ያንን የቆዳ መያዣ በሁለት እጁ አቅፎ።

እናቱን ጥሎ ስቲኩን አልጣለም።

እሳቸው ሁለት መቶ እርምጃ የሚራመድ ጉልበት የላቸውም። አብሬያቸው ቀረሁ። የስፌት መኪናዬን ራስ ፈትቼ የበቆሎ አገዳ ሥር ቀበርኩ፤ ከአምስት ሳምንት በላይ ቆሎና ወተት እየቀመስን፣ ላሟም ከተወሰደች በኋላ ቆሎ ብቻ እየቀመስን ቆየን። ታጣቂዎች ፑል ቤቱ አደሩበት፤ ጠረጴዛው ላይ ተኙ፣ አረንጓዴውን ጨርቅ ቀደው ወሰዱት። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። እማማ ፈዲላ ከስግደት በተነሱ ቁጥር ዱዓቸው ለሱ ነው።

"ልጅ ነው፣ ደንግጦ ነው" ይሉኛል።

"ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እማማ።"

"አብሽሪ፣ ይመጣል።"

መጣ። ታኅሣሥ ላይ፣ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ። ደሴ አልበቃው ብሎ፣ ኮምቦልቻም አልበቃው ብሎ ደብረ ብርሃን ደርሶ ነበር። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ እኔ አንዲት ቃል ይወጣው እንደሆነ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ዓይኑን ወደኔ አዞረና፣

"አልሃምዱሊላህ፣ ተረፋችሁ። ጠረጴዛውስ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወር ሰላምታውንም አልመለስኩ።

ጠረጴዛውን ያዳነው ታረቀኝ ነው። እግሩን አጠበቀ፣ ከኮምቦልቻ የመጣ ጨርቅ ወጠረበት፣ የጎደሉትን አራት ኳሶች ዘይኑ ከደሴ አመጣ። ሀምዳን ደግሞ ጠዋት ጠዋት መደርደሩን ቀጠለ። ሌላው ሰው የፈረሰ ቤቱን ሲያነሳ እሱ ኳስ ያነሳል። ያለማቋረጡን ግን መካድ አልችልም፤ በዚህ ሰውዬ ዕድሜ ውስጥ ሳይሰለች የሠራው ሥራ ያ ብቻ ነው።

ሰላም ሆነ በተባለ ዓመት፣ በ2015 ግንቦት፣ ሐቢብ ከውጫሌ ተመልሶ መጣ። በጦርነቱ ታላቅ ወንድሙን ቀብሯል፤ አንድ እግሩንም ያነክሳል። ሊጫወት የመጣው፣ አለ ዘይኑ፣ ሌላ ነገር ማሰብ ሰልችቶት ነው። ሀምዳን ብሬኩን ወሰደ። አልዘለለም፣ "ዞር በሉ" አላለም። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ከሐቢብም የበለጠ። ሦስት ኳስ ገባ፤ ነጯ መሃል ላይ ቆመች። አሸነፈ።

ያማረ ብሬክ ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው። እጁ እንዲህ መማር የሚችል ሰው፣ ሌላው አካሉ እንዴት አንድ ነገር አይማርም?

አሁን አስተማሪ ሆኗል። ጎረምሶቹን ሰብስቦ "የኋላ እጃችሁን ላላ አድርጉ፣ በግማሽ ጉልበት ጀምሩ፣ ነጯ መሃል ትቁም" ይላል፣ ቃል በቃል። ባለፈው ሳምንት አንዱ "ማን አስተማረህ?" ብሎ ጠየቀው።

"ጅዳ እያለሁ በራሴ ያገኘሁት ነው" አለ።

ታረቀኝ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ትንፍሽ አላለም። እኔ ግን መኪናዬን አቆምኩ።

"ውሸታም!" ብዬ ጮህኩ።

ሲመሽ ጋሽ ታረቀኝ በደጃፌ ሲያልፍ ቆም አለ።

"ተይው፣ ረቢያ። ልጆቹ እኮ በትክክል እየመቱ ነው።"

"ልጆቹን ምን አልኳቸው?" አልኩና መርፌዬን ክር ማጉረስ ቀጠልኩ።