በመርሳ የሚያልፍ ሲሚንቶ

ሙጃሂድ ግንበኛ ነው። መርሳና አካባቢዋ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲያነባብር ኖሯል። የጣቶቹ ቆዳ በሲሚንቶ ተበልቶ አሻራው ጠፍቷል። መታወቂያ ሊያወጣ የተሰለፈ ቀን ማሽኑ ጣቱን አላነብ ብሎ፣ ሰው እያየው ሦስት ጊዜ አስጠርጎታል። ይህን ራሱ እየሳቀ ያወራዋል።

የማያወራው የእትዬ ቡርቱካንን ካብ ነው።

እትዬ ቡርቱካን ጎረቤቱ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታቸው የቆመው የጎርፍ መውረጃ አፋፍ ላይ ነው። አፋፉን ይዞት የኖረው፣ አባታቸው ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይን በድንጋይ አቆላልፈው የሠሩት ካብ ነበር። አምና በክረምቱ ካቡ መሃሉ ላይ ትንሽ አበጠ። እሳቸውም ፍየሎቻቸውን ሸጡና ሙጃሂድን በሲሚንቶ እንዲገነባላቸው ለመኑት።

ግንቦት ላይ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። መንግሥት ለየከተማው የሲሚንቶ ዋጋ ወስኗል፤ በፋብሪካው ዋጋ ላይ የመንገዱ ርቀት ይደመራል። ከደሴ በኩል ለሚመጣ መርሳ ከወልድያ ትቀድማለችና፣ ለመርሳ የተጻፈው ዋጋ አነስ ይላል። ሙጃሂድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ደስ አለው። በነጋታው ካቡን አፈረሰ።

ማፍረስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ድንጋዮቹንም ለግንብ እንዲመቹ አንድ በአንድ በመዶሻ ጠርቦ ደረደራቸው። ሲሚንቶ የለመደ እጅ ወጣ ገባ ጥርስ ያለው ድንጋይ አይወድም። እትዬ ቡርቱካን ሲጠርብ እያዩ፣ አባታቸው ለአንዱ ድንጋይ ቦታ እስኪያገኙ ሲያገላብጡ ይውሉ እንደነበር ነገሩት። እሱም ይህኛውን ግንብ የልጅ ልጅ ያየዋል አላቸው።

ሲሚንቶው ግን መርሳ ላይ አልወረደም። ሲሚንቶ የጫነ መኪና በየሁለት ቀኑ ይመጣል፤ ሹፌሩ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ወደ ወልድያ ይነዳል። ትንሽ መንገድ ጨምሮ የተሻለ ዋጋ የሚያገኝ ሰው እዚህ ለምን ያራግፋል? የመርሳ ነጋዴዎች መጋዘናቸውን ጠርገው ዘጉ። ሻይ ቤት የሚቀመጡት ጓደኞቹ መኪና ባለፈ ቁጥር «ሙጃሂድ፣ እንግዳህ አለፈ» ይሉታል። መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ። ሰኔ ሲገባ ሻይ ቤቱን ተወው።

ወልድያም ሄደ። ባለሱቁ ሲሚንቶው እንዳለው አልደበቀውም፤ ግን የወልድያ ነዋሪነት መታወቂያ ጠየቀው። ለከተማዋ የተመደበ ከከተማዋ አይወጣም አለው። ሙጃሂድ ይህ ከረጢት ትናንት በደጄ ያለፈ ነው ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። ሰውዬው አዘነለት እንጂ አልሸጠለትም። በሚኒባስ ሲመለስ ሲሪንቃ ላይ ሌላ የጫነ መኪና ከፊት ለፊት መጣ፤ ሸራው በነፋስ እየተርገበገበ አለፋቸው።

በማግስቱ ንግድ ጽሕፈት ቤት ገባ። የዋጋ ባለሙያው ካሳሁን ትሑት ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። ርቀቱ የሚደመረው ሩቅ ያለ ከተማ እንዳይጎዳ መሆኑን፣ የመርሳን ችግር በደብዳቤ ማሳወቃቸውን፣ መልሱን እየጠበቁ መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳው።

«ጋሼ፣ እኛ የምናወጣው ዋጋውን ነው» አለ በመጨረሻ። «ሲሚንቶውን አናመጣውም።»

«ታዲያ ወረቀቱን ከአሸዋ ጋር ላቡካው?»

ካሳሁን ሊስቅ አለና የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። የደብዳቤውን ግልባጭ አውጥቶ አሳየው። ማኅተሙ ደህና አድርጎ ተመትቷል።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ሙጃሂድ ከንጋት ጀምሮ ድንጋዮቹን እንደ ድሮው ያለ ሲሚንቶ ሊክባቸው ሞከረ። አንዱን አንስቶ አገላበጠው፣ አስቀመጠው፤ ተንሸራተተ። ሌላ አነሳ። እርስ በርስ የሚያዙበትን ጥርስ በገዛ መዶሻው አራግፎታል። ሳይመሽ፣ ገና ከቀትር በኋላ፣ እንደ ምንም ጉልበቱ ድረስ ያደረሰው ካብ በመጀመሪያው ዝናብ ተንዶ ወረደ። አፈሩም ተከተለው። የቤቱ የጓሮ ጥግ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ታየ።

እትዬ ቡርቱካን መስገጃቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«አፉ ይበሉኝ፣ እትዬ» አላቸው። «ቆሞ የነበረውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

ጓሮውን ሳይሆን እጆቹን አዩ። ጭቃና ደም ነበሩ።

«አብሽር» አሉት። «ና ይልቅ፣ የልብስ ሳጥኑን በዚያ በኩል ያዝልኝ። እናንተ ቤት ጥግ አይጠፋም።»

ሳጥኑ ከባድ ነበር። ወደ ሙጃሂድ ቤት ግማሽ መንገድ ላይ አሳርፈውት ቆሙ። አስፋልቱ ላይ የጫነ መኪና ማርሽ ቀይሮ ወደ ወልድያ አቀና። ሙጃሂድ ቀና አላለም።