የካልሲው ክስ

ሰዓት ሠሪው ስልኩን ከመነጽሩ ጋር እስኪጋጭ አስጠግቶ ሦስተኛ ጊዜ አነበበው። «ገዢው ቅሬታ አቅርቧል» ይላል። ከሥሩ ክሱ ይከተላል፦ «የግድግዳ ሰዓቱ አይሠራም። በዚያ ላይ ሻጩ ያገለገለ ካልሲ ልኮልኛል። ተዋርጃለሁ።»

ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። በሱቁ ግድግዳ የተሰቀሉት ሰዓቶች በሙሉ ቀጭ ቀጭ እያሉ የሚያሙት መሰለው።

በሰፈሩ ሰዓት የሚያሠራ ሰው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሁሉም ሰዓት የሚያየው ከስልኩ ላይ ነው። አሮጌ ሰዓት እያደሰ በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ ባይጀምር ኖሮ ሱቁ ዛሬ የሸረሪት ርስት በሆነ ነበር። ጨረታው ግን ሕግ አለው፤ ሦስት ጊዜ የተረታ ሻጭ ገጹ ይዘጋል። እሱ ሁለቴ ተረቷል። አንደኛው ገዢ «ከፎቶው ይልቅ ቡናማ ነው» ብሎ ረታው። ሁለተኛዋ «ሲደውል ድመቴን አስበረገገብኝ» ብላ ረታችው። የጨረታውን ዳኛ በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ «ውድ ሻጭ» እያለ በትሕትና አንገት የሚቆርጥ ዳኛ ነው።

የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ቆመ? የሚሞላዎት ጠፋ?»

«ተከሰስኩ።»

«ይኸውልዎ! የኔ ደንበኛ ቢከፋው ቢከፋው ‹ፀጉሬን መልስ› ብሎኝ አያውቅም።»

«ሂድ ወዲያ!»

ፀጉር አስተካካዩ እየሳቀ ሲወጣ የሰዓት ሠሪው ሚስት ምሳ ይዛ ገባች። ስልኩን ከእጁ ነጥቃ አነበበች።

«የምን ካልሲ ነው?»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ትልቅ ሰዓት ሲላክ ከሥሩ የሚወዛወዘው ነሐስ፣ ፔንዱለሙ፣ ተፈትቶ ለብቻው ይጠቀለላል፤ አለዚያ መንገድ ላይ እየተወራጨ መስታወቱን ያደቅቀዋል። የዚያን ዕለት ደግሞ መጠቅለያ አልቆበት ነበር።

«ፔንዱለሙን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት። ታጥቧል እኮ!»

«የትኛው?»

«ግራጫው።»

«አውራ ጣቱ የተቀደደው? ጉድ ፈላ! አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሚስትህ እንኳ እሱን የማነሳው በእንጨት ነው!»

«በቀዳዳው እንዳይወጣ ቋጥሬዋለሁ።»

«‹ውስጡ ፔንዱለም አለ› ብለህ አልጻፍክበትም?»

«ሰው ካልሲ ሲያገኝ ውስጡን አያይም?»

«የማያውቀውን ሰው ካልሲ ያገኘ ሰው ይሮጣል እንጂ ምን ያያል!»

ገዢው ለማስረጃ ፎቶ አያይዟል፤ ካልሲው የሞተ አይጥ ይመስል በሁለት ጣት ተንጠልጥሏል። ሚስትየዋ ፎቶውን አጎላችው።

«እየው፣ ባዶ ካልሲ እንዲህ ቁልቁል ይወጠራል? ሳይፈታው ነው ያነሳው። ዕቃው እዚያው ውስጥ ነው።»

ሰዓት ሠሪው በደስታ ሊዘል ሲል ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ያዘችው፦ «ካልሲውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥዬዋለሁ።»

የቆሻሻ መኪናው ቀድሞ ከደረሰ ሰዓቱም አለቀለት፣ ገጹም፣ ሱቁም። መጻፍ ጀመረ፦ «ጌታው፣ ዓይን የተፈጠረው እኮ . . .»

«አጥፋው!» አለች ሚስቱ። «የተሰደበ ሰው ላንተ ብሎ ቆሻሻ ውስጥ እጁን ይከታል?»

ጥርሱን ነክሶ አጠፋው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሱም ትዕቢቱን ውጦ እሷ ያለችውን ጻፈ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ያለ ፔንዱለም ሰዓቱ አይሄድም፤ ፔንዱለሙም ካልሲው ውስጥ ነው። እባክዎ ቆሻሻው ሳይወሰድ ያውጡት።» ላከው።

መልስ ወዲያው መጣ። ከዳኛው ነበር፦ «ውድ ሻጭ፣ መልእክትዎ ‹ቆሻሻ› የሚል ጸያፍ ቃል ስላለበት ታግዷል።»

ገዢው ሲጽፈው ያለፈ ቃል ሻጩ ሲጽፈው ጸያፍ ሆኖ አረፈው!

«በቃ ‹ካልሲው ካረፈበት ስፍራ› በል።»

«አስከሬን ነው እንዴ?»

«ጻፍ ብዬሃለሁ!»

ጻፈ። ይህኛው አለፈ። ከዚያ በኋላ መኪና ባለፈ ቁጥር በሩ ላይ እየዘለለ ይወጣ ጀመር፤ የገዢው ከተማ ቆሻሻ በሱ ደጃፍ የሚያልፍ ይመስል። ምሳው ደረቀ። ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ተፈረደብዎ?» ሲለው መስኮቱን ዘጋበት።

ስልኩ ሲጮህ ያነሳችው ሚስቱ ናት። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

«‹አገኘሁት› ይላል። ‹በላስቲክ ጓንት ነው ያወጣሁት። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ቅሬታዬን አንስቻለሁ። ከአምስት ኮከብ አራቱን ሰጥቻለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለካልሲው ነው።›»

ሰዓት ሠሪው የታመቀ ትንፋሹን ሲለቀው ጠረጴዛው ላይ የነበሩ ብሎኖች ተበተኑ። ከዚያም ነገ የሚላከውን ሰዓት አወረደና ፔንዱለሙን ፈታ። መጠቅለያ ፍለጋ መሳቢያውን አየ፣ መደርደሪያውን አየ፣ ቀና ብሎም ሚስቱን አየ።

«ዓይንህን ከሻሼ ላይ አንሳ!» አለችው።